ክሪሳንቲመም የተባለው አበባ እንዴት እንደሚዳቀልና እንደሚባዛ
ለአስመጪዎች፤ ለላኪዎችና ለባለሱቆች የቀረበ ትምህርት

በገበያ ላይ ከሚውሉት ሸቀጦች መካከል ዕድሜው እጅግ አጭር የሆነው አበባ ነው። ቡና በመጋዘን ይቈያል፤ ቈዳ በጨው ታሽቶ ወራት ይጠብቃል፤ ቅባት እህልም ዋጋው እስኪነሣ ድረስ በጆንያ ሊቀመጥ ይችላል። አበባ ግን በተቈረጠ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከገዢው እጅ ካልደረሰ ከቶ ዋጋ የለውም። ስለዚህ በአበባ የሚነግድ ሰው ሸቀጡን ከሌላው ነጋዴ ይልቅ አጥብቆ ማወቅ ይገባዋል። በዚህ እትም ስለ ክሪሳንቲመም አንድ ትምህርት ለአንባቢዎቻችን ማቅረባችን ስለዚሁ ነው።

ስለ ክሪሳንቲመም ስንናገር ሁለት የተለያዩ ንግዶች እንዳሉ አስቀድሞ መረዳት ያስፈልጋል። አንደኛው ተቈርጦ በእቅፍ፤ ወይም በማሰሮ እንደ ተተከለ የሚሸጠው አበባ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በአበባ እርሻዎች ዘንድ ካቲንግ የሚባለው ገና ሥር ያላበቀለ ቁራጭ ቀንበጥ ነው። ሁለተኛው ለዓይን የማይማርክ ትንሽ ቅጠላ ቅጠል ቢመስልም የአበባው ንግድ ሁሉ መሠረት እርሱ ነው። ትርፉም ኪሳራውም በአመዛኙ የሚወሰነው በእርሱ ጥራት ላይ ስለ ሆነ፤ ትምህርታችን ይበልጡን በዚህ ላይ ያተኵራል። ከዚህ በታች የውጭ አገር ታሪክ የሚነገርበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውል።

፩. የአበባው ምንጭና ወደ ገበያ የመጣበት መንገድ

ክሪሳንቲመም የሚለው ስም ከሁለት የግሪክ ቃላት የተገኘ ሲሆን ትርጓሜው የወርቅ አበባ ማለት ነው። ስሙን በሳይንስ መዝገብ ያስገባው ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔየስ በ1753 ነው። ተክሉ ግን ከስሙ እጅግ የቀደመ ነው። የትውልድ አገሩ ቻይና ሲሆን ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ በአትክልት ቦታ ሲኮተኰት ኖሯል። በ1104 ሊዩ መንግ የተባለ ቻይናዊ ጸሐፊ ስለ ክሪሳንቲመም ዓይነቶች ራሱን የቻለ መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደርሷል። ከቻይና ወደ ጃፓን ተሻግሮም እጅግ ስለ ተከበረ፤ አሥራ ስድስት ቅጠል ያለው የክሪሳንቲመም ምስል የጃፓን ንጉሠ ነገሥት ቤት ማኅተም ሆነ።

ወደ አውሮፓ የገባው በነጋዴ አማካይነት መሆኑ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ፒየር ሉዊ ብላንካር የተባለ የማርሴይ ነጋዴ በ1789 ከቻይና ሦስት ዓይነት ተክሎችን ጭኖ አመጣ፤ ከሦስቱም በሕይወት የተረፈው ሐምራዊው አንዱ ብቻ ነበር። ከዚያም በ1846 እንግሊዛዊው ተክል ሰብሳቢ ሮበርት ፎርቹን ትናንሽ አበባ ያለውን ዓይነት ከቻይና ወደ እንግሊዝ አገር ላከ። ዛሬ ፖምፖን እየተባሉ የሚሸጡት እንደ ኳስ የከበቡ ትናንሽ አበቦች የዚሁ ተክል ዝርያዎች ናቸው።

በዛሬው ጊዜ ክሪሳንቲመም በኔዘርላንድ የአበባ ጨረታ ከጽጌረዳ ቀጥሎ ከሚሸጡት ዋና ዋና አበቦች አንዱ ነው። ኮሎምቢያ ወደ ዩናይትድ ስቴትስ፤ ማሌዢያ ደግሞ ወደ ጃፓን በብዛት ትልካለች። ኡጋንዳ ሥር ያላበቀለ ቁራጭ ቀንበጥ እያመረተች ወደ አውሮፓ በመላክ የታወቀች ናት። በአገራችንም በቆቃ አካባቢ የልዩ ልዩ አበቦች ቁራጭ ለአውሮፓ ገበያ የሚያመርቱ እርሻዎች ስላሉ፤ ሥራው ለኢትዮጵያ ነጋዴ እንግዳ ነገር አይደለም።

፪. አንድ የሚመስለው አበባ ብዙ አበባ ስለ መሆኑ

ክሪሳንቲመም የአደይ አበባ፤ የኑግና የሱፍ ዘመድ ነው። የእነዚህ ሁሉ ቤተ ሰብ አንድ ልዩ ጠባይ አለው፤ ይኸውም እኛ አንድ አበባ የምንለው በእውነቱ በአንድ መቀመጫ ላይ የተሰበሰቡ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ጉባኤ መሆኑ ነው። አደይ አበባን በእጁ ይዞ በዝግታ የተመለከተ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። በዳር ዙሪያ ያሉት ረጃጅም ቢጫ ቅጠሎች እያንዳንዳቸው አንድ አበባ ናቸው፤ በመካከል የታጨቁት ጥቃቅን ቱቦዎችም እንደዚሁ እያንዳንዳቸው አንድ አበባ ናቸው።

በክሪሳንቲመም ዘንድ በዳር ያሉት የሴት ብልት ብቻ አላቸው፤ የመካከሎቹ ግን የወንዱንም የሴቱንም አጣምረው ይይዛሉ። ብናኙ የሚገኘው ከመካከሎቹ ነው። እጅግ ድርብ የሆኑት፤ ማለት መካከላቸው የማይታይና እንደ ኳስ የሞሉት አበቦች ከሞላ ጐደል በዳር አበቦች ብቻ የተሞሉ በመሆናቸው ብናኛቸው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ አዳቃዮች እንዲህ ያለውን ድርብ አበባ ለአባትነት ሳይሆን ለእናትነት መምረጥ ይቀላቸዋል።

፫. አዲስ ዓይነት የማዳቀል ሥራ

አዳቃዩ በመጀመሪያ እናትና አባት የሚሆኑትን ሁለት ተክሎች ይመርጣል። የአንዱን ቀለም ከሌላው የግንድ ጥንካሬ ጋር፤ ወይም የአንዱን ቶሎ የመፍካት ጠባይ ከሌላው በአበባ ማስቀመጫ ውስጥ ረዥም ጊዜ የመቈየት ጠባይ ጋር ለማገናኘት ያስባል። የእናቲቱ አበባ መፍካት ሲጀምር የዳሮቹን ረጃጅም ቅጠሎች በመቀስ አሳጥሮ ይቈርጣል፤ ይህንንም የሚያደርገው ከሥራቸው የተደበቀው የሴት ብልት ወጥቶ እንዲታይ ነው። ጠንቃቃ አዳቃይ የመካከሎቹን አበቦች ብናኝ ሳይበትኑ ይነቅላቸዋል። ቀጥሎ ከአባትየው በቀጭን ብሩሽ ብናኝ ወስዶ በተገለጠው ብልት ላይ ይቀባል፤ አበቦቹ የሚበስሉት በየተራ ስለ ሆነም ሥራውን ለጥቂት ቀናት ይደጋግማል። ነፍሳት ሌላ ብናኝ እንዳያመጡበት አበባውን በከረጢት ይሸፍነዋል፤ የእናቲቱንና የአባቱን ስም የያዘ ምልክትም ያንጠለጥልበታል። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ዘሩ ይደርሳል።

ክሪሳንቲመም የራሱን ብናኝ ተቀብሎ ዘር ለማፍራት በተፈጥሮው እምቢተኛ ነው። ከዚህም በላይ አብዛኛዎቹ ለገበያ የሚበቅሉት ዓይነቶች ከየአንዳንዱ የዘር ተሸካሚ ክር ስድስት ስድስት ቅጂ ይይዛሉ፤ ጠቅላላ ቍጥሩም ብዙውን ጊዜ 54 ነው። የሰው ልጅ ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት ብቻ ሲኖሩት፤ በዚህ አበባ ስድስት ስድስት መሆናቸው የሚወለደው ሁሉ እንዲለያይ ያደርጋል። ከአንድ አበባ የተገኘ አንድ መቶ ዘር ቢዘራ አንድ መቶ የማይመሳሰሉ ተክሎች ይወጣሉ። ነጋዴው ከዚህ ሁለት ነገር ይማራል። አንደኛ፤ አዲስ ዓይነት የሚገኘው በዘር ነው። ሁለተኛ፤ የተገኘውን ዓይነት ሳይለወጥ ማባዛት በዘር ፈጽሞ አይቻልም።

አዳቃዩ በየዓመቱ ብዙ ሺህ ችግኝ አብቅሎ አብዛኛውን ይጥላል፤ የቀሩትንም ለዓመታት እየፈተነ በመጨረሻ ጥቂቶችን ብቻ ለገበያ ያቀርባል። አንድ ቁራጭ የሚሸጥበት ዋጋ በውስጡ የብዙ የተጣሉ ችግኞችን ወጪ የሚይዝ መሆኑን ገዢው ቢያስታውስ፤ ስለ ዋጋው የሚነሣው ክርክር ይቀንሳል።

አዲስ ቀለም የሚገኝበት ሌላም መንገድ አለ። አንዳንድ ጊዜ ሮዝ ቀለም ባለው ተክል ላይ አንድ ቅርንጫፍ በድንገት ነጭ ወይም ቢጫ አበባ ያወጣል። አትክልተኛው ያንን ቅርንጫፍ ለይቶ በቁራጭ ቢያባዛው አዲስ ዓይነት ያገኛል። ይህ ለውጥ በተፈጥሮ እስኪመጣ ከመጠበቅ ይልቅ በኤክስ ሬይና በጋማ ጨረር እንዲመጣ ማድረግም ይቻላል። በኔዘርላንድ የሚገኙ ተመራማሪዎች በዚህ ዘዴ ከአንድ ሮዝ ዓይነት የነጭ፤ የቢጫና የነሐስ ቀለም ያላቸውን ወንድማማቾች አውጥተዋል። ቁመታቸውና የሚያብቡበት ጊዜ ከሞላ ጐደል አንድ ዓይነት ስለ ሆነ፤ አብቃዩ ሁሉንም በአንድ ቤትና በአንድ ሥርዐት ሊያለማቸው ይችላል።

ሰማያዊ ክሪሳንቲመም ግን በማዳቀልም በጨረርም አልተገኘም፤ ተክሉ ሰማያዊ ቀለም የሚያዘጋጅበት ኀይል በተፈጥሮው የለውምና። የጃፓን ተመራማሪዎች ከሌሎች ሁለት የአበባ ተክሎች የዘር ኀይል ወስደው በማስገባት እውነተኛ ሰማያዊ ክሪሳንቲመም ማግኘታቸውን በ2017 አስታወቁ። ስለዚህ በሱቅ ውስጥ ሰማያዊ ክሪሳንቲመም ያየ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያየው ቀለም የጠጣ ነጭ አበባ መሆኑን ይወቅ።

፬. በቁራጭ የማባዛት ሥራ

ዓይነቱን ሳይለውጡ የማባዛቱ ሥራ የሚጀምረው ከእናት ተክል ነው። እናት ተክል የሚባለው አበባ እንዲያወጣ ሳይሆን ቀንበጥ እንዲሰጥ ብቻ የሚያዝ ተክል ነው። ጫፉ በተቀነጠበ ቍጥር ከጐኑ ሌሎች ቀንበጦች ያወጣል፤ እነዚያም ሲደርሱ እንደገና ይቀነጠባሉ። ተክሉ እያረጀ ሲሄድ ቀንበጡ እየደረቀና አበባ ወደ ማውጣት እያዘነበለ ስለሚሄድ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ተነቅሎ በአዲስ ይተካል። ለቍጠባ ብሎ ያረጀ እናት ተክል የሚያቈይ አብቃይ ገንዘቡን የሚያተርፍ ቢመስለውም የሚሸጠው ቁራጭ ደካማ ይሆንበታል።

ቁራጩ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ለስላሳ ጫፍ ነው። ሠራተኛው በቢላዋ ከመቍረጥ ይልቅ በጣቱ ቀንጥሶ ቢያነሣው ይመረጣል፤ ቢላዋ የአንዱን ተክል ፈሳሽ ወደ ሌላው እያሻገረ በሽታ ያዛምታልና። እንጨት መሆን የጀመረ ግንድ ሥር አያወጣም፤ እጅግ የቀጠነም በጕዞ ላይ ይጠወልጋል። ርዝመቱና ውፍረቱ እኩል የሆነ ቁራጭ በአንድ ጊዜ ሥር ስለሚያወጣ ገዢው ለእኩልነቱ ዋጋ ይሰጣል።

የተቀነጠሰው ቁራጭ በቀዳዳ ፕላስቲክ ከረጢት ተደርጎ በካርቶን ይታሸጋል። ሳይዘገይ ቀዝቅዞ ከዜሮ እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ከተቀመጠ ለጥቂት ሳምንታት ሊቈይ ይችላል። ሳይቀዘቅዝ በታሸገ ካርቶን ውስጥ ከዋለ ግን ከራሱ እስትንፋስ በሚወጣው ሙቀት ይጋልና ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፤ ይበሰብሳልም። በአውሮፕላን ማረፊያ ፀሐይ ላይ የቆመ ካርቶን በማረፊያው ደኅና መስሎ ተጭኖ፤ ከገዢው ዘንድ ሲከፈት ጥፋቱ የሚገለጠው ስለዚህ ነው።

ቁራጩን የተቀበለው አብቃይ ሥር የሚያስወጣ መድኀኒት ጫፉን ነክሮ በአተር አፈር ወይም በኮኮ ፒት ላይ ይተክለዋል። አፈሩ ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ያህል እንዲሞቅ፤ አየሩም እርጥበት እንዲኖረው ያደርጋል። በዚህ ሁኔታ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆን ሥር ያወጣል።

፭. የሌሊቱ ርዝመትና የመብራቱ ጕዳይ

ጋርነርና አላርድ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ተክሎች የሚያብቡበትን ጊዜ የቀኑና የሌሊቱ ርዝመት እንደሚወስን በ1920 ገለጡ። ክሪሳንቲመም ቀን ሲያጥርና ሌሊት ሲረዝም ከሚያብቡት ወገን ነው። ቀኑ ከ14 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲያንስ እንቡጥ መቋጠር ይጀምራል፤ እንቡጡ አድጎ እንዲፈካ ደግሞ ቀኑ ከ13 ሰዓት ተኩል ገደማ ማነስ አለበት፤ ልኩ በየዓይነቱ ጥቂት ይለያያል። በአውሮፓ ሳይነኩት ቢተዉት በመጸው ብቻ የሚያብበው ከዚህ የተነሣ ነው። አብቃዮች ግን በበጋ ቤቱን በጥቍር መጋረጃ እየሸፈኑ ሌሊቱን በማስረዘም፤ በክረምትም መብራት እያበሩ በማሳጠር ዓመቱን ሙሉ እንዲያብብ አደረጉት። በአሜሪካ ይህ ሥርዐት ለንግድ የተስፋፋው በ1940ዎቹ ነው።

አሁን ይህን ዕውቀት ወደ አገራችን እናምጣው። በአዲስ አበባና በአካባቢዋ የቀኑ ርዝመት በታኅሣሥ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን፤ በሰኔ ቢረዝም ቢረዝም 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ነው። እንግዲህ ለክሪሳንቲመም በኢትዮጵያ ዓመቱ ሁሉ የማበቢያ ወራት ነው ማለት ነው። ለአበባ አብቃይ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው፤ የደጋው ሌሊት ቀዝቃዛ መሆኑም ይረዳዋል፤ ብርቱ ሙቀት የእንቡጡን እድገት ያዘገየዋልና።

ለቁራጭ አምራች ግን ይኸው ስጦታ አደጋ ነው። እናት ተክሉ ሌሊቱን ሳይቋረጥ በጨለማ ካደረ እንቡጥ ይቋጥራል፤ እንቡጥ የቋጠረ ቀንበጥም ለማባዛት አይረባም። ይህንን ለመከላከል አምራቹ በየሌሊቱ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ በተክሎቹ ላይ መብራት ያበራል። ብርቱ ብርሃን አያስፈልግም፤ ወደ ቀይ ያደላ ደካማ ብርሃን ይበቃል። ዋናው ነገር ረዥሙ ጨለማ በመካከሉ መሰበሩ ነው።

መብራት የጠፋበት ሌሊት ጕዳቱ በማግሥቱ አይታይም። ጨለማው ለተከታታይ ሌሊቶች የቀጠለ እንደ ሆነ እናት ተክሉ እንደ ወትሮው ለምለም ሆኖ ይታያል፤ ቁራጩም ደኅና መስሎ ይላካል፤ ነገር ግን ከገዢው ቤት እንደ ተተከለ ገና ሳያድግ እንቡጥ ያወጣል። ገዢው ካሣ ይጠይቃል፤ ከሁሉ የሚከፋውም በሚቀጥለው ዓመት ከሌላ አገር መግዛቱ ነው። ስለዚህ በቁራጭ ምርት ገንዘቡን ለማዋል የሚያስብ ሰው ከመሬቱና ከውሃው ጋር እኩል አድርጎ ሊያስላው የሚገባው፤ በራሱ የሚነሣ ጄኔሬተርና የነዳጅ ክምችት ነው። በየሌሊቱ የበራበትንና የጠፋበትን ሰዓት የሚመዘግብ ደብተርም ይኑረው፤ ክርክር በተነሣ ጊዜ ምስክሩ እርሱ ነው።

፮. በሽታና ተባይ ከቁራጭ ጋር ስለ መጓዛቸው

ዘር ከልጓም ይስባል እንደሚባለው፤ የእናት ተክል ጤና ወይም ሕመም ሳይቀር ወደ ልጆቹ ሁሉ ይተላለፋል። ለምሳሌ ያህል እያንዳንዱ ተክል አሥር ቁራጭ ይሰጣል፤ እያንዳንዱም ቁራጭ በተራው እናት ይሆናል ብለን ብናስብ፤ ከአንድ ተክል በአራተኛው ትውልድ 10,000 ተክል ይገኛል። የመጀመሪያይቱ ጤነኛ ከሆነች የተባዛው ሀብት ነው፤ የታመመች ከሆነችም የተባዛው በሽታ ነው።

በዚህ ረገድ ሦስት ጠላቶች በተለይ ሊታወቁ ይገባል።

የመጀመሪያው ነጭ ዋግ ነው። በቅጠሉ የላይ ገጽ የገረጣ ነጥብ፤ በታች በኩል ደግሞ ወደ ነጭነት የሚያደላ እብጠት ሆኖ ይታያል። በ1895 በጃፓን የታወቀው ይህ በሽታ እስከ 1960ዎቹ ድረስ ከሩቅ ምሥራቅ አልወጣም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ከተበከለ ቁራጭ ጋር ተጉዞ በ1963 እንግሊዝ አገር ታየ፤ ቀስ በቀስም በብዙ አገሮች ተሠራጨ። ቅጠል ለጥቂት ሰዓታት ርጥብ ሆኖ ከቈየ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ማታ ከላይ ውሃ ማጠጣትና የአየር መተላለፊያን መዝጋት በሽታውን በገዛ እጅ መጋበዝ ነው።

ሁለተኛው የማቀንጨር በሽታ ነው። በ1945 በዩናይትድ ስቴትስ ታወቀ፤ መንሥኤው ከቫይረስ እንኳ እጅግ የሚያንስ፤ ቪሮይድ የሚባል ነገር መሆኑ የተረዳው ከ1971 ወዲህ ነው። የያዘው ተክል ያጥራል፤ አበባው ያንሳል፤ ቀለሙም ይደበዝዛል። በእጅና በመቍረጫ ይሻገራል፤ መድኀኒትም የለውም። ከሁሉ የሚያስቸግረው አንዳንድ ዓይነቶች በሽታው እያለባቸው ምንም ምልክት የማያሳዩ መሆናቸው ነው፤ ስለሆነም በዓይን አይቶ ጤነኛ ነው ማለት አይበቃም፤ እናት ተክሉ በላቦራቶሪ መመርመር አለበት።

ሦስተኛው ቅጠል የሚቦረቡር ጥቃቅን ዝንብ ነው። እንቍላሉን በቅጠሉ ውስጥ ይጥላል፤ ትሉም በሁለቱ ገጽ መካከል ነጭ ጠመዝማዛ መንገድ እየቈፈረ ይሄዳል። የዚህ ዝንብ ታሪክ ለኛ አካባቢ ነጋዴዎች ትልቅ ተግሣጽ ነው። በ1976 ከፍሎሪዳ ወደ ኬንያ ከገባ የክሪሳንቲመም ቁራጭ ጋር ዝንቡም አብሮ ገባ። ከዚያም በአበባው ሳይወሰን ወደ አትክልት ተዛመተ፤ ከኬንያ ወደ አውሮፓ በሚላከው ቁራጭ ላይም ተገኘ። ቁራጩ በካርቶን የሚገባ ትንሽ ሸቀጥ ቢሆንም፤ ይዞት የገባው ተባይ ድንች፤ ቲማቲምና ባቄላ የሚያመርተውን ገበሬ ሁሉ ነካ። የእፅዋት ኳራንቲን ሹም ካርቶን አስከፍቶ ሲመረምር ጊዜ አባከነብኝ የሚል አስመጪ ይህን ያስታውስ፤ የጤና ምስክር ወረቀት ለነጋዴው ጣጣ የተፈጠረ ሳይሆን የንግዱ ዋስትና ነው።

፯. ለአስመጪ፤ ለላኪና ለባለሱቅ የሚጠቅም ማስታወሻ

ስለ አስመጪ። አንድ ዓይነት በሕግ የተጠበቀ መሆኑን ሳይጠይቁ ማባዛት ክስ ሊያስነሣ ይችላል። በአገራችን የተክል አዳቃዮች መብት በአዋጅ ቍጥር 1068/2009 ተደንግጓል፤ በሚላክበት አገርም የራሱ ሕግ አለ። ከተገዛ እቅፍ ቀንበጥ እየቀነጠሱ የተጠበቀ ዓይነት አባዝቶ ለመላክ መሞከር፤ አበባው በውጭ አገር ወደብ እንዲያዝ ማድረግ ነው። በተጠበቀ ዓይነት ላይ በድንገት አዲስ ቀለም ያለው ቅርንጫፍ ያገኘ አብቃይም የኔ ነው ብሎ ከመሸጡ በፊት ከዓይነቱ ባለመብት ጋር ይነጋገር፤ በ1991 የተሻሻለው የአዲስ ተክል ዓይነቶች ጥበቃ ዓለም አቀፍ ስምምነት እንዲህ ያለውን ከመጀመሪያው ዓይነት እንደ ተገኘ አድርጎ ሊቈጥረው ይችላልና። ርካሽ ቁራጭ ሲቀርብም አስመጪው በቅድሚያ ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ እናት ተክሉ መቼ ተመረመረ፤ ባለመብቱ ፈቅዷልን፤ የጤናው ምስክር ወረቀት በዚህ ጭነት ስም የተጻፈ ነውን።

ስለ ላኪ። የገዢውን ልማድ ማወቅ የሽያጩ ግማሽ ነው። በፈረንሳይና በቤልጂግ ክሪሳንቲመም የመቃብር አበባ ነው፤ በየዓመቱ ኖቬምበር 1 ቀን በሚውለው የቅዱሳን ሁሉ በዓል ሕዝቡ በማሰሮ የተተከለውን ገዝቶ በዘመዶቹ መቃብር ላይ ያኖራል። በጃፓን ነጩ ለሐዘን ሲሆን፤ በአውስትራሊያ ደግሞ ነጭ ክሪሳንቲመም የእናቶች ቀን ስጦታ ነው። አንዱን ቀለም ለሁሉ መላክ አይሆንም።

ዓይነቶቹ ረዥም ሌሊት ከጀመረላቸው በኋላ ለማበብ በሚፈጅባቸው ሳምንት ይመደባሉ፤ ከ6 እስከ 15 ሳምንት የሚወስዱ አሉ። ስለ ቅዱሳን ሁሉ በዓል አንድ ስሌት እናድርግ። በዓሉ ጥቅምት 22 ቀን ይውላል፤ ማሰሮው ከአንድ ሳምንት በፊት፤ ማለት ጥቅምት 15 ቀን ከሱቅ መድረስ አለበት እንበል። ዓይነቱ የ8 ሳምንት ከሆነ መጋረጃው መዘርጋት የሚጀምረው ነሐሴ 24 ቀን ነው። ከዚያ በፊት ተክሉ በረዥም ቀን የሚያድግበት ሁለት ሳምንት ስንቀንስ ነሐሴ 10፤ ሥር የሚያወጣበት ሁለት ሳምንት ስንቀንስ ደግሞ ሐምሌ 26 ቀን ይሆናል። እንግዲህ ለጥቅምቱ በዓል የሚሆነው ቁራጭ ከኢትዮጵያ መነሣት ያለበት በሐምሌ ነው። ሐምሌ በአገራችን ደመና የሚበዛበት፤ ቅጠል ርጥብ ሆኖ የሚውልበት፤ ነጭ ዋግም የሚመቸው ወር ነው። ለዚህ ገበያ የተዋዋለ ላኪ የቤቱን ጣራ መጠገን፤ መስኮቱን ማስተካከልና ጄኔሬተሩን መፈተሽ ያለበት በግንቦት እንጂ ትእዛዙ ከደረሰ በኋላ መሆን የለበትም።

ስለ ባለሱቅ። ክሪሳንቲመም ከብዙ አበቦች ይልቅ ታጋሽ ነው፤ በደኅና ከተያዘ በውሃ ውስጥ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይቈያል። አበባው ገና ሳይረግፍ ቀድሞ ቢጫ የሚሆነው ቅጠሉ ስለ ሆነ፤ ሲገዙ አበባውን ብቻ ሳይሆን ቅጠሉን ይመልከቱ። እንጨት የሆነው የግንዱ ጫፍ ውሃ በደንብ ስለማይስብ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ተቈርጦ ይጣል። በውሃ ውስጥ የሚገባው ቅጠል ሁሉ ይራገፍ፤ ባልዲው በየጊዜው ይታጠብ። ብዙ ባለሱቆች አበባው ጠወለገ ብለው የሚጥሉት በእውነቱ የባልዲው ቈሻሻ የግንዱን የውሃ መንገድ ደፍኖበት ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ባጭሩ ይህ ነው። አዲስ ዓይነት በዘር ይወለዳል፤ የተወለደው በቁራጭ ይባዛል፤ ቁራጩም ከእናቱ የተሻለ ሊሆን ከቶ አይችልም። ስለዚህ የክሪሳንቲመም ነጋዴ ሀብት በጨረታው አዳራሽ ከሚታየው እቅፍ ይልቅ፤ በየሌሊቱ መብራት በሚበራላቸው እናት ተክሎች ዘንድ ይገኛል። የአገራችን ከፍታ፤ የአየሩ ቅዝቃዜና ለአውሮፓ ያለን ቅርበት ለዚህ ሥራ የተመቹ ናቸው፤ ምቹነት ግን ብቻውን ገዢ አያመጣም። ገዢ የሚመላለሰው ጤናው የተመረመረ፤ መብቱ የተከበረ፤ በተባለውም ቀን የሚደርስ ሸቀጥ ካገኘበት ዘንድ ነው። በዚህ ሥራ ለመሠማራት የሚያስቡ አንባቢዎቻችን ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው አስቀድሞ እነዚህን ሦስት ነገሮች እንዲመዝኑ እናሳስባለን።